የሚውለውም ሕዝብ ይቆጠር
በበርበሬ በረንዳ ለነጋዴዎች፣ ለሠራተኞችና ለነዋሪዎች ስለ ጤና ጣቢያዎቻችን የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የበርበሬ በረንዳ ነጋዴዎች፣ ጫኝና አውራጆች፣ ዛላ የምትቀነጥሱ እናቶችና እኅቶች፣ የወፍጮ ቤት ሠራተኞች፣ እንዲሁም ከእህል በረንዳ፣ ከምናለሽ ተራና ከሰባተኛ ድረስ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ ወገኖቻችን፤

ከሁሉ አስቀድመን የግማሽ ቀን ገቢያችሁን ትታችሁ ስለተገኛችሁ እናመሰግናለን። ግማሽ ቀን እዚህ ሰፈር ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ስለዚህም ንግግራችንን ልናሳጥር ቃል ገብተን ነበር፤ ቃላችንን ሙሉ በሙሉ መጠበቃችንን ግን ከወዲሁ እንጠራጠራለን።

ስለ መሬት፣ ስለ ግብርና ስለ ትምህርት የምናምንበትን በዚሁ ጽሑፍ ሌሎች ገጾች አስፍረናል። ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። እናንተ ስትታመሙ የምትሄዱበት ጤና ጣቢያ ስንት ባለሙያ አለው? ባለሙያውስ በስንት ሰዓት ይገኛል? ሲመደብስ ስንት ሰው ያክማል ተብሎ ታሰበ? ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ሪፖርት ይቀርብበታል። ሪፖርቱ የሚነግረን የተሠራውን ሕንፃ፣ የተመረቀውን ክፍልና የተሰጠውን ሥልጠና ነው። በወንበሩ ላይ ሰው መቀመጡን ግን አይነግረንም።

ነገራችንን ከሳል እንጀምር።

በርበሬ በረንዳ ለሚገባ እንግዳ የመጀመሪያው ሰላምታ ማስነጠስ ነው። ከሀላባ፣ ከማረቆና ከጎጃም የመጣው ዛላ ከማዳበሪያው ሲዘረገፍ፣ ሲበጠርና ሲፈጭ አየሩ ራሱ ያቃጥላል። እናንተ «ለምደውታል» ትባላላችሁ። በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። የሳል ተመራማሪዎች በፈቃደኛ ሰዎች ላይ ሆን ብለው ሳል ለመቀስቀስ የሚጠቀሙት በዚሁ ነው። በቤተ ሙከራ በጥንቃቄ ተለክቶ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ፣ ባለሙያ አጠገብ ቆሞ የሚሰጠውን ነገር እዚህ ያለች እናት በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና ከጠዋት እስከ ማታ ትተነፍሰዋለች። ስለዚህ እዚህ ሁሉም ሰው ያስላል። ሁሉም ሰው ስለሚያስልም ሳል ማንንም አያስደነግጥም።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። የአገራችን የሳንባ ነቀርሳ መመሪያ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው ሰው አክታው ይመርመር ይላል። መመሪያው ትክክል ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ጫና ከበዛባቸው አገሮች መካከል ከመዘገባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ነገር ግን 2 ዓመት ሙሉ ያሳለችን ቀንጣሽ ስለ 2 ሳምንት ሳል ማን ይጠይቃታል? እሷ «የበርበሬው ነው» ትላለች። ባልንጀሮቿም «የበርበሬው ነው» ይላሉ። ወረፋው በሩን የሚገፋበት ባለሙያም ቀና ብሎ ያያትና «ምን ትሠሪያለሽ?» ይላታል፤ መልሷን ሲሰማ እሱም ያንኑ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ እውነታቸውን ይሆናል። እውነታቸውን በማይሆንበት ጊዜ ግን አንዲት ሴት ቀኑን ሙሉ ከሌሎች ሴቶች ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጣ፣ በጠባብ በረንዳ፣ በሽታውን ለብዙ ሰው ስታካፍል ትውላለች ማለት ነው።

ከዚህ ንግግር በፊት እኛ የኮሚቴው አባላት በዚህ አካባቢ ካሉት የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ ግቢ ተቀምጠን ዋልን። የጤና ጣቢያውን ስም አንጠራም። ብንጠራው ነገ በስብሰባ የሚጠየቁት እዚያ የሚለፉት ነርሶች እንጂ በጀት ያልመደበው ሹም እንዳልሆነ እናውቃለንና። ያየነውን ግን እንናገራለን።

ካርድ ክፍሉ የተከፈተው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ወረፋው ግን ከ1 ሰዓት ጀምሮ ነበር። በምርመራ ክፍል ሊቀመጡ ከሚገባቸው ጤና መኮንኖች አንዱ ለስብሰባ ተጠርቷል፣ ሌላው ዲዩቲ አድሮ ወጥቷል። ሥራው ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ወደቀ። አንዲት ሲስተር ክትባት ስትሰጥ ቆይታ ቁስል ልታጥብ ትሄዳለች፤ ከዚያ ተመልሳ የቲቢ መድኃኒት ትሰጣለች፤ በመካከሉ የአንዱን ሕፃን ክብደት ትለካለች። ምሳ ስትበላ አላየናትም። እንዲህ ያለችውን ሴት ማንም «ሥነ ምግባር የጎደላት» ብሎ ሲገመግም ብንሰማ ዝም አንልም።

ከተሰለፉት መካከል አንዲት ከዚሁ በረንዳ የመጣች እናት ነበረች። እጇ የበርበሬ ቀለም ይዟል። 2 ሰዓት ላይ መጥታ ተራዋ የደረሰው 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ባለሙያው፣ ምስጋና ይግባውና፣ የበርበሬው ነው ብሎ አላለፋትም። አክታሽ ይታይ አላት። ላቦራቶሪ ሄደች። የዛሬውን ሰጥታ የነገ ጠዋቱንም ይዛ እንድትመጣ ተነገራት። «ነገ መኪና ይገባል» አለች። ላቦራቶሪው ውስጥ ያለው ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልገባውም። እናንተ ይገባችኋል። መኪና በሚገባበት ቀን የቀረ ሰው የዚያን ቀን ብቻ ሳይሆን የሳምንቱን ሥራ ሊያጣ ይችላል፤ ቦታውን ሌላ ይይዘዋል። በማግስቱ ጠዋት ብንጠብቃት አልመጣችም። በሦስተኛው ቀን እዚሁ በረንዳ ላይ አገኘናት። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝታ እየዋጠች ነበር። «መዳን ብፈልግማ የት ጊዜ አለኝ» አለችን። አክታዋ እስካሁን አልተመረመረም።

ይህች እናት ያጣችው ሕንፃ አይደለም፤ ሕንፃው አለ። መድኃኒቱም በነፃ ነው፤ የቲቢ ምርመራና ሕክምና በአገሪቱ የመንግሥት ጤና ተቋማት ክፍያ አይጠየቅበትም። ያጣችው እሷ በምትችልበት ሰዓት ወንበሩ ላይ የሚጠብቃት ሰው ነው። ቲቢ ቢገኝባት ደግሞ የባሰ ይጠብቃታል። ሕክምናው ቢያንስ 6 ወር ነው። በተለይ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት መድኃኒቱ በየቀኑ በባለሙያ ወይም በታማኝ ሰው ፊት እንዲዋጥ ይፈለጋል። ይህ አሠራር በ1980ዎቹ አጋማሽ በአርሲና በባሌ ተሞክሮ ወደ መላው አገር የተስፋፋ፣ ብዙ ሕይወት ያተረፈ አሠራር ነው። ነገር ግን በየቀኑ ጠዋት፣ ገበያው በሚደራበት ሰዓት፣ 2 ወር ሙሉ! ጫኝና አውራጅ የሆነ ሰው ከመድኃኒቱና ከእንጀራው አንዱን እንዲመርጥ መጠየቅ ነው። መድኃኒቱን ሲያቋርጥ «አቋራጭ» ተብሎ ይመዘገባል። መዝገቡ ላይ ስለ ሰዓቱ የሚጻፍበት ቦታ የለም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ።

በመንግሥት ዕቅድ መሠረት በከተማ አንድ ጤና ጣቢያ የሚያገለግለው 40 ሺህ ሕዝብ ነው። ይህ ቁጥር በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው 4ኛው የጤናው ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ላይ የሰፈረ ነው። አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ በዚያን ጊዜ ወሰኑ ከ250 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበረው፤ ስፋቱ 8 ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ ከከተማዋ ሁሉ የተጠጋጋ አሰፋፈር የነበረበት ክፍለ ከተማ ነበረ። ለ40 ሺህ አካፍሉት። 6 ወይም 7 ጤና ጣቢያ ይወጣል። በወረቀቱ ስሌት ስድስትና ሰባት ጤና ጣቢያ ካለ ችግር የለም ማለት ነው።

ነገር ግን ቆጠራው የቆጠረው ማንን ነው? እዚህ የሚያድረውን ነው። መርካቶ የሚታመመው ግን የሚያድረው ብቻ አይደለም፤ የሚውለውም ነው። ከኮልፌ፣ ከአስኮ፣ ከየካ አባዶና ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ በንጋት እዚህ የሚደርሰው፣ ከገጠር መጥቶ መጋዘን ደጃፍ የሚያድረው፣ ጭኖ የመጣው ሾፌርና ረዳቱ፣ ከክፍለ ሀገር ለመገብየት የመጣው ነጋዴ፣ እነዚህ ሁሉ በዚያ 40 ሺህ ውስጥ የሉም። እግሩ ላይ ጭነት የወደቀበት ሰው ሲመጣ ነርሷ «አንተ የማን ወረዳ ነህ» ብላ አትመልሰውም፤ ታክመዋለች። ታዲያ ያከመችው ሰው በቁጥር ውስጥ ስለሌለ የሚረዳት ሰው አይመደብላትም። ቆጠራውም ቢሆን የ1999 ነው። የሚቀጥለው በ2010 እና በ2011 ሊካሄድ ታቅዶ በተደጋጋሚ ተላልፏል። የሚያድረውንም በትክክል ሳንቆጥር ነው እንግዲህ የሚውለውን የረሳነው።

ይህ ሊስተካከል የማይችል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያን በሕዝብ ብዛት ሳይሆን በሥራ ጫና የመመደቢያ ዘዴ ካዘጋጀ ቆይቷል፤ የተሻሻለውን መመሪያ በ2002 ዓ.ም. ገደማ አውጥቷል። ዘዴው ቀላል ነው። በዓመት ውስጥ በዚህ ጤና ጣቢያ ስንት ሰው ታከመ፣ ስንት እናት ወለደች፣ ስንት አክታ ታየ? እያንዳንዱስ ስንት ደቂቃ ይፈልጋል? አንድ ባለሙያ ፈቃዱና ሥልጠናው ተቀንሶ በዓመት ስንት ሰዓት ይሠራል? አካፍለህ ሰው ትመድባለህ። ይህን ለማስላት የሚያስፈልገው መዝገብ አሁንም በካርድ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ አለ።

«ባለሙያ ከየት ይመጣል?» ትሉን ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ1998 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት ከጸናባቸው 57 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ፣ እውነቱን እንናገር፣ ብዙ ሰው ሠልጥኗል። ጤና መኮንኖች በብዛት ወጡ፤ በ2004 ዓ.ም. 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብሮች ተከፈቱ። ተቃዋሚ ስለሆንን የተሠራውን አልተሠራም አንልም። ነገር ግን ምን ሆነ? ተመርቀው ሥራ ያጡ ሐኪሞች ማየት ጀመርን። በአንድ ከተማ ውስጥ ሥራ የሌለው ሐኪምና ሐኪም የሌለው በሽተኛ በአንድ ታክሲ ተሳፍረው ይሄዳሉ። በመካከላቸው የጎደለው የሥራ መደብና ደመወዝ ነው፤ ሁለቱም የበጀት ውሳኔዎች ናቸው።

ሥራ ያገኘውስ? በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ የጤና ባለሙያዎችን ሰብስበው አነጋገሩ፤ በሚቀጥለው ወር ሐኪሞች ሥራ አቁመው ጥያቄያቸውን አደባባይ አወጡ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በብዙ የመንግሥት ሆስፒታሎች የሚሠሩ ባለሙያዎች ደመወዛችን አላኖረንም ብለው ሥራ አቆሙ። ፖሊስ በርካቶቹን አሰረ። በ2018 መግቢያ ለመንግሥት ሠራተኛው ሁሉ የደመወዝ ጭማሪ መደረጉን እናውቃለን። ይሁንና ከሥራ ገበታው ተነሥቶ የታሰረን ነርስ ጭማሪ ብቻ ይዞ መልሶ ማስቀመጥ አይቻልም። በነዚያ ሳምንታት ወረፋ ላይ ከቆሙት መካከል እናንተም ነበራችሁ። ያን ጊዜ በባለሙያዎቹ ላይ የተቆጣችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። አንፈርድባችሁም፤ ቁጣችሁ ግን ወደ ትክክለኛው ቢሮ ይሂድ እንላለን።

ሌላም አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች 13 ወረዳዎች ተጀምሮ ኋላ አዲስ አበባም ገባ። በመርሑ እንስማማለን። ነገር ግን ደብተሩ የሚወጣው በምትኖሩበት ወረዳ ነው፤ መጀመሪያ የምትታከሙትም ወረዳው ውል በገባበት ጤና ጣቢያ ነው። አስኮ የምታድር፣ እዚህ የምትውል ሴት ደብተሯ የሚሠራው እሷ በሌለችበት ነው። መታወቂያ የሌለው ጫኝና አውራጅ ደግሞ ከሥሩ ደብተር አያወጣም፤ የነፃ ሕክምና ወረቀትም ወረዳው «ነዋሪዬ አይደለህም» ይለዋል። በ2002 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽንም ለአንድ ባለሙያ 500 ያህል ቤተሰብ ሰጥቶ ቤት ለቤት ላካት። ቤት የሌለውን ሰው የት ታገኘዋለች? በር ታንኳኳለች፤ እሱ ግን እዚህ ማዳበሪያ ተሸክሟል።

ታዲያ ምን እናደርጋለን? ብትመርጡን በከተማው ምክር ቤት የመጀመሪያው ዓመት በጀት ላይ የምናቀርበው ይህን ነው። በመርካቶ ዙሪያ ያሉ ጤና ጣቢያዎች የባለሙያ ምደባ በሚያድረው ሕዝብ መሆኑ ቀርቶ በታከመው ሰው ቁጥርና በሥራው ጫና ይሁን። ጤና ጣቢያዎቹ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ሙሉ አገልግሎት በ2 ፈረቃ ይስጡ። የምሽቱ ፈረቃ ያሉትን ባለሙያዎች ማስገደጃ አይሆንም፤ አዲስ መደብ ተከፍቶ አሁን ሥራ ያጡት ይቀጠሩበታል። ይህን በሁሉም ጤና ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ እናደርጋለን ብለን አንዋሻችሁም። ገንዘቡ አይበቃም። በ2 ጤና ጣቢያዎች እንጀምራለን፤ መጀመሪያ የሚከፈተው ለበርበሬ በረንዳ የሚቀርበው እንዲሆን እንጠይቃለን።

ሳልን በተመለከተ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለቤት ብቻ ሳይሆን ለበረንዳም ይመደቡ። በሳምንት በታወቁ ቀናት፣ መኪና በማይገባበት ሰዓት፣ እዚሁ መጥተው አክታ ይቀበሉ፤ ውጤቱን በስልክ ይንገሩ። መድኃኒት የጀመረ ሰው በየቀኑ የሚውጠው እዚሁ በሥራ ቦታው፣ እሱ በመረጠው ሰው ፊት ይሁን። እናንተ ነጋዴዎችም ድርሻ አላችሁ። ከመቀንጠሻው በላይ መስኮት መክፈትና ለቀንጣሾቹ የአፍ መሸፈኛ መግዛት ምርጫ እስኪደርስ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። ድምፃችሁን ፈልገን መጥተን ይህን መናገራችን ሊያስከፍለን እንደሚችል እናውቃለን።

የጤና መድን ደብተሩም በሥራ ቦታ አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ እንዲሠራ እናደርጋለን። በየጤና ጣቢያው በር ላይ ደግሞ አንድ ሰሌዳ ይሰቀል፦ ዛሬ ተረኛ ማን ነው፣ ስንት ሰው መገኘት ነበረበት፣ ስንት ተገኘ፣ የትኛው ምርመራ የለም። ለሰሌዳ በጀት አያስፈልግም። ጤና ጣቢያዎች ከበሽተኛ የሰበሰቡትን ገቢ ለራሳቸው ሥራ እንዲያውሉ ከተፈቀደ ቆይቷል፤ ይህን ገንዘብ የሚቆጣጠር ቦርድም አላቸው። በዚያ ቦርድ ከሹመኞቹ ጎን የጫኝና አውራጆች ተወካይና አንዲት ቀንጣሽ እናት በምርጫ ይቀመጡ። ገንዘቡ ለኮምፒውተር ይሁን ለላቦራቶሪ ሪኤጀንት ሲወሰን እነሱ ይጠየቁ።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ በረንዳ ላይ አንድ አባት አስቆሙን። «ልጆቼ» አሉ፣ «በ97ም እንዲህ ነግረውን ነበር። መረጥን። ከዚያስ?» አሉን። እውነታቸውን ነው። በ1997 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሕዝብ ከምክር ቤቱ 138 ወንበሮች 137ቱን ለአንድ ተቃዋሚ ኃይል ሰጥቶ ነበር፤ ከተማዋን ግን የመረጠው ኃይል አላስተዳደራትም። ግማሹ ጥፋት የገዥው ነው፤ ግማሹ የተቃዋሚው ጎራ ነው፣ እኛም ከዚያ ጎራ የወጣን ነን። ለእኚህ አባት የመለስንላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ብንሸነፍም፣ ወንበራችን ጥቂት ቢሆንም ገብተን እንቀመጣለን። የጤና በጀቱ በሚነበብበት ቀን የአዲስ ከተማን ገጽ ከፍተን ስንት መደብ እንዳለው እንጠይቃለን። «እናያለን» ብለው በትራቸውን አንሥተው ሄዱ።

አሁን ንግግራችንን እንጨርሳለን፤ እንደፈራነው ረዝሟል። በግራ በኩል ባለው ጠረጴዛ የኮሚቴያችን አባላት ተቀምጠዋል። ከጤና ጣቢያ የተመለሳችሁበት ቀን፣ ሰዓትና ምክንያት ካለ ንገሯቸው፤ ስማችሁን መስጠት ግዴታ አይደለም። የያዝነውን ሁሉ ለክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ እናስገባለን። ቅጂውንም በምርጫው ዋዜማ እዚሁ በረንዳ ላይ እንለጥፋለን። ነገ መኪና የማይገባባችሁ ደግሞ፣ ስታሳልሉ 2 ሳምንት ካለፋችሁ፣ ከኛ አባላት ሁለቱ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ እዚህ ይጠብቋችኋል፤ አብረዋችሁ ሄደው ወረፋ ይይዛሉ።